እንግዳው ደረሰ

ዳንግላ መናኸሪያ በር ላይ የካሜራ ማቆሚያ ትከሻው ላይ አጋድሞ ከባጃጅ የሚወርድ፣ አጠር ያለ፣ ክረምት ከበጋ ግራጫ ሻርፕ ከአንገቱ የማይለይ ሰው ካያችሁ እሱ እንግዳው ደረሰ ነው። የቴሌቪዥን ዘጋቢ ነው። ከተማው ያውቀዋል፤ ስለሚያውቀውም ይተርበዋል። መብራት ሲጠፋ፣ «እንግዳው፣ ምን ትጠብቃለህ? ዘግበው እንጂ!» ይሉታል። መብራት ሲመጣ ደግሞ፣ «ተባረክ፣ ዘግበኸው ነው» ብለው ሻይ ይጋብዙታል። ሁለቱንም አልዘገበም፤ ሻዩን ግን ይጠጣል።

የሚሠራው ብቻውን ነው። ካሜራውን ያቆማል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ከዚያ ሮጦ ዞሮ ፊት ለፊቱ ይቆማል። በዚህ የተነሳ ዘገባዎቹ ሁሉ ቁና ቁና በሚል ትንፋሽ ይጀምራሉ፤ ተመልካቹ ግን ዜናው አስቸኳይ ስለሆነ ይመስለዋል። የተወለደው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው። አፉን የፈታው በአዊኛ ሲሆን አማርኛን ያገኘው ትምህርት ቤት ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ይዘግባል። በአዊኛ «ድንች ተወዷል» ብሎ የሚያልፈውን በአማርኛ ሲሆን «በድንች ምርት ላይ የዋጋ መናር ተስተውሏል» ይለዋል። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «አማርኛውን ከመጽሐፍ ስለተማርኩት ጫማ አድርጌ ነው የምገባበት» ይላል።

ጣቢያው ያለው እንጅባራ ነው። ሲቋቋም የወጣለት ስም «የእንጅባራና አካባቢዋ ማኅበረሰብ ቴሌቪዥን» የሚል ነበር። መሥሪያ ቤት ስሙን በየቃሉ መጀመሪያ ፊደል ማሳጠር ስለሚወድ «እአማቴ» ተባለ፤ አርማው ላይም ይኸው ተጻፈ። ሕዝቡ የመጀመሪያዋን ፊደል ለመጥራት አልደከመም። «አማቴ» አለው፣ በዚያው ጸና። «አማቴ ዛሬ ምን አለች?» «ስለ ማዳበሪያ ስታወራ አመሸች።» «እስቲ አማቴን ዝጋልኝና ልተኛ።» አማት ያላቸው ሰዎች ይህን የሚናገሩት ግራ ቀኙን አይተው ነበር።

የጣቢያው ስቱዲዮም ከስሙ የሚስማማ ነበር። ዜና አንባቢዋ ሰርክአዲስ ከአንድ ትልቅ የእንጨት ጠረጴዛ ኋላ ትቀመጣለች። ከጀርባዋ የዘንገና ሐይቅ ፎቶ የታተመበት ሸራ ተሰቅሏል። ሸራው ከማተሚያ ቤት ተጣጥፎ ስለመጣ የእጥፋቱ መስመር ሐይቁን መሃል ለመሃል ይከፍለዋል፤ የሩቅ ሰው ድልድይ ይመስለው ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲበረታ ዜናው አይሰማም። ያን ጊዜ ሰርክአዲስ እጇን አጣጥፋ፣ ፈገግ ብላ ካሜራውን እያየች ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቃለች። ተመልካቹም አብሯት ይጠብቃል። የሚዘንበው እሱም ቤት ላይ ስለነበር ማንም አላማረረም።

አምና ይህ ሁሉ ተለወጠ። ሥራ አስኪያጁ መሳፍንት ከአንድ ሥልጠና ሲመለስ «ገጽታ ግንባታ» የሚል ነገር ይዞ መጣ። ጣቢያው «ብራ ቴሌቪዥን» ሊባል ተወሰነ። ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ መስቀል ካለፈም በኋላ የማይለቀው ከተማ ውስጥ ጣቢያን «ብራ» ብሎ መሰየም ድፍረት ይጠይቃል፤ መሳፍንት ድፍረት አላነሰውም። ሜላት የምትባል ወጣት የግራፊክስ ባለሙያ ከባሕር ዳር ተቀጠረች። ሸራው ወረደ፣ ጠረጴዛው ወደ ግምጃ ቤት ሄደ፣ ጣሪያው ከውስጥ ተሸፈነ። በሸራው ቦታ ግድግዳውን የሚያህል የሚያበራ ስክሪን ቆመ። ሰርክአዲስ ከእንግዲህ ቆማ ታነባለች። አዲሱ አርማ ከተራራ ጀርባ የምትወጣ ቢጫ ፀሐይ ናት፤ ሜላት ብዙ የደከመችባት፣ በእውነትም ውብ የሆነች ፀሐይ። ከተማው ባያት ቀን «እንቁላሏ» አላት።

ከለውጦቹ ሁሉ እንግዳውን ያስደሰተው ግን አንዱ ነው፤ ሰው ሲናገር ከደረቱ በታች ስሙ የሚጻፍበት ጥብጣብ። በድሮው ጥብጣብ ላይ የእሱ ስም የሚጻፈው «የጣቢያችን የዳንግላና አካባቢው ከፍተኛ ሪፖርተር ጋዜጠኛ እንግዳው ደረሰ» ተብሎ ነበር። ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያህላል፤ አንባቢው ስሙ ላይ ሳይደርስ ዘገባው ያልቃል። ሜላት ማዕረጉን በሙሉ አነሳች። አቶ የለም፣ ወይዘሮ የለም፣ ጋዜጠኛ የለም። ደማቅ ቀይ ጥብጣብ፣ በላዩ ላይ በትልልቁ ነጭ ፊደል ስም ከነአባት። የቦታው ስም ላይኛው ጥግ ላይ በትንሹ ይቀመጣል።

እንግዳው ይህን እንዳየ የደወለው ለአባቱ ነው። አቶ ደረሰ ይሄነው ዘንገና አጠገብ የሚኖሩ አራሽ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲሆን ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ትልልቁን ካልሆነ አይለዩም። ልጃቸውን በቴሌቪዥን ሲያዩ ኖረዋል፤ የራሳቸውን ስም ግን አንድም ቀን ከሥሩ አንብበው አያውቁም።

«አባባ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ስምዎን ያነቡታል» አላቸው።

«እኔ ምን አጠፋሁና?» አሉ አባት።

ሐሙስ አዲሱ ስቱዲዮ የሚመረቅበት ቀን ነበር። ሪባኑን የሚቆርጡት ከክልል የሚመጡ አንድ ትልቅ ሹም ናቸው። ጠዋት ከባሕር ዳር ተነስተው በዳንግላና በአዲስ ቅዳም አድርገው እንጅባራ ይገባሉ። እንግዳው ዳንግላ መንገድ ዳር ቆሞ ሹሙ ሲያልፉ በቀጥታ እንዲያስተላልፍ ታዘዘ። እንጅባራ ደግሞ በጣቢያው ግቢ ድንኳን ተጣለ። ዝናብ ስለነበር ሹሙን ለማጀብ የተጠሩት ፈረሰኞች ከነፈረሶቻቸው በየጣሪያው ክፈፍ ሥር ተጠልለዋል፤ ሽማግሌዎቹና ድፎ ዳቦ የያዙት ሴቶች ድንኳኑ ውስጥ ናቸው። ጊዜው እንዳይረዝምባቸው የጣቢያው ሥርጭት በትልቅ ስክሪን ይታያቸዋል። የአቀባበሉ ኃላፊ አቶ ነጋ የሚባሉ፣ ነገር ሁሉ በሥርዓቱ ካልሆነ የሚያማቸው የፕሮቶኮል ሹም ነበሩ።

ረፋዱ ላይ ሰርክአዲስ፣ «አሁን ወደ ባልደረባዬ እወስዳችኋለሁ» አለች። እንግዳው ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ጃንጥላ ይዟል፣ ትንፋሹ አጥሯል፣ ከጀርባው እርጥብ አስፋልት ይታያል። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፁ የለም። ኔትወርኩ ምስሉን ይዞ ድምፁን ጥሎ መጥቷል። ይናገር የነበረው፣ «እንግዳችን ገና አልደረሱም፤ ከባሕር ዳርም መነሳታቸውን አላረጋገጥንም» የሚል ነበር። ላይኛው ጥግ ላይ «ዳንግላ» ተጽፏል፤ ድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጡት ግን ጥጉ በድንኳኑ ጫፍ ተሸፍኗል። የሚታየው ከደረቱ በታች የበራው ደማቅ ቀይ ጥብጣብ ብቻ ነው፦

እንግዳው ደረሰ

«ኧረ ደረሰ!» አለች አንዷ ዳቦ ያዥ።

«ማን ደረሰ?»

«እንግዳው! በቀይ ተጽፎ አይታይህም?»

አቶ ነጋ ተፈናጥረው ተነሱ። «ፈረሰኞች! ውጡ! ኬላው ጋ ናቸው!»

ፈረሰኞቹ በዝናቡ ውስጥ ወደ ከተማው መግቢያ ጋለቡ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተከተሉ፤ ዳቦው ፌስታል ለብሶ ተከተለ። መግቢያው ላይ እንደ ደረሱ ከአዲስ ቅዳም በኩል መስኮቱ በመጋረጃ የተሸፈነ ነጭ ሚኒባስ መጣ። ፈረሶች ከበቡት፣ እልልታው ቀለጠ፣ ጥሩንባ ተነፋ። ሾፌሩ ነገሩ ስላልገባው መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ በመስኮት ዘረጋ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወረዱት ወይዘሮ ሸጋ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ሁለት ዶሮ በእግራቸው አንጠልጥለዋል። አበባው በሌላኛው እጃቸው ተሰጣቸው። ዳቦውም ተቆረሰ፤ አንድ ጊዜ ከተቆረሰ በኋላ ተሳፋሪው ባዶ እጁን አልሄደም።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሸጋ።

«ኧረ ምረቃ ነው!»

«እንዲያ ከሆነ ይበል» ብለው ዳቦአቸውን ይዘው ወደ ገበያ ሄዱ።

ሰዎቹ ዝናብ አብስሏቸው ሲመለሱ የክልሉ ሹም ገና ባሕር ዳር ቁርስ ላይ ነበሩ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም፤ ለጣቢያው የባሰው ገና መምጣቱ ነው። የጥብጣቡ ፎቶ በስልክ ተነስቶ ሹሙ ጽሕፈት ቤት ደርሶ ነበር። ከዚያ የተደወለውን ስልክ ያነሱት አቶ ነጋ ናቸው። ቅሬታው ሹሙ ሳይደርሱ ደረሱ መባሉ አይደለም።

«‹ደረሰ› ምንድን ነው?» አለ የጽሕፈት ቤቱ ሰው። «አብሯችሁ ያደገ ነው? እኒህን የሚያህሉ ሰው ‹ደረሰ› ይባላሉ?»

አቶ ነጋ ሮጡ። ወደ ስቱዲዮው ገብተው መሳፍንትን ያዙት። «አንቱ ናቸው! ሰውየው አንቱ ናቸው! በአንተ ጽፋችሁ ጉድ ሠራችሁኝ!»

መሳፍንት በሁለት ጆሮው ሁለት ስልክ ይዟል። ቀና ሳይል፣ «ሜላት፣ ‹ደረሱ› በይው፣ ቶሎ» አለ። ሜላትም የምታስተካክለው መብራት፣ ድምፅና ያኮረፈ ስክሪን ነበራትና ሳታስብ አስተካከለችው።

ከሰዓት በኋላ ሹሙ በእውነት ዳንግላ ሲገቡ እንግዳው በድጋሚ ስክሪኑ ላይ ቀረበ። አሁን ድምፁም ነበረ። ከሥሩ ግን በደማቁ ቀይ «እንግዳው ደረሱ» የሚል ተጽፏል። በአርባዎቹ አጋማሽ ላይ ያለው ዘጋቢ በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቱ ስም አንቱ ተብሎ ተከበረለት።

በማግሥቱ ዳንግላ ውስጥ በሰላም የሚያሳልፈው ሰው ጠፋ። «እንግዳው ደረሱ፣ እንደምን አደሩ?» ይለዋል የባጃጁ ሾፌር። «እንግዳው ደረሱ፣ ሻይ ይቀመጥልዎ?» ትለዋለች ባለ ሻይ ቤቷ። የአዊኛው ዜና ተመልካቾች ግን ግራ ገባቸው። ጥብጣቡ እዚያም ያው ነው፤ በአዊኛ ግን ስሙ ስም ብቻ ነውና ማንም ለአቀባበል አልወጣም።

የዚያኑ ዕለት ዓርብ ከሰዓት ስብሰባ ተጠራ። መሳፍንት ቁጡ ሰው አይደለም፤ ሲቸግረው ብቻ ወረቀት ያስተካክላል። ያን ዕለት ብዙ ወረቀት አስተካከለ።

«እንግዳው፣ ወንድሜ፣ ሰው አንተን አልጠላም። ስምህ ግን ዓረፍተ ነገር ነው።»

«የአንተስ? ‹መሳፍንት› ብለው ካቢኔው ፎቶ ሥር ቢጽፉት ምን ሊሆን ነው?»

«እኔ ስክሪን ላይ አልወጣም።»

«‹ጋዜጠኛ› የሚለውን እንመልሰው» አለ እንግዳው።

መሳፍንት ሜላትን አየ። ሜላት አንገቷን ነቀነቀች። «ጋሽ እንግዳው፣ ለእርስዎ ማዕረግ ከተሰጠ ነገ ሁሉም ይጠይቃል። ከሳምንት በኋላ ወደ ጤፍ ፍሬው እንመለሳለን።»

«በአባት ስም ምትክ የአያት ስም ይሁን» አለ አንዱ ከጥግ።

«አያትህ ማን ይባላሉ?» አለ መሳፍንት።

«ይሄነው።»

ሰርክአዲስ በለመደችው የዜና ድምፅ ቀስ አድርጋ ሞከረችው፦ «እንግዳው ይሄነው።» ካሜራ ሠራተኛው ከወንበሩ ተንሸራተተ፤ መሳፍንት እንኳ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ከለለ።

«እንደዚያማ ከሆነ ሹሙን በጣት ጠቆምን ማለት ነው» አለ ሲረጋጋ።

በመጨረሻ መሳፍንት የወሰነው እንደ ኳስ ተጫዋች በአንድ ስም ይሁን የሚል ነበር፦ «እንግዳው» ብቻ። የአባቱ ስም ይቀራል። በዚህ ካልተስማማ ሥራው በድምፅ ብቻ ይሆናል፤ ፊቱ ስክሪን ላይ አይወጣም። እስከ ሰኞ እንዲያስብበት ተነገረው።

እንግዳው ሲወጣ አልሳቀም። ፊቱን ለማሳየት የሚጓጓ ሰው አይደለም፤ ሻርፑ ራሱ ግማሽ ፊቱን ይሸፍናል። ግን ያ ቀይ ጥብጣብ የመጣው አባቱ ስማቸውን ሊያነቡበት ነበር፤ አሁን ደግሞ ከሁሉም ስም ተለይቶ የሚነሳው የእሳቸው ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ዘንገና ወረደ። አባቱ ደጅ፣ እናቱ ወይዘሮ ውዴ በሩ አጠገብ ተቀምጠው አገኛቸው። ነገሩን ቀድመው ሰምተው ኖሯል።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ የደረሱ ልጅ» አሉት እናቱ። «እኔም ተምሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት ‹ደረሱ፣ ላሚቱን ያስገቧት› ብላቸው አባትህ ሳይጨቃጨቁ አስገቧት። ይኸን ያህል ዘመን አለማወቄ!»

አቶ ደረሰ ሳቁ። «ዞኑ በሙሉ አንቱ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ ወዲያ ሞትም ቢጠራኝ በአንቱ ነው።»

እንግዳው የመጣበትን ተናገረ። ሲናገር መሬት መሬት እያየ ነበር፤ ፈቃድ መጠየቁ ይሁን ይቅርታ መጠየቁ ለራሱም አልለየለትም። ሲጨርስ አባትየው፣ «ስሜንስ ይቁረጡት፤ እኔ ከብት አልነዳበት» አሉ። በዚህ ግን አላበቁም።

«እኔ ስወለድ አባቴ ‹ደረሰ› አለኝ። ማን እንደደረሰ አልተናገረም። ሰፈርተኛው ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቆኛል፤ ‹ማን ደረሰ? ምን ደረሰ?› እያለ። ባለቤት የሌለው ስም ተሸክሜ ጎረመስኩ፣ አገባሁ። ከእናትህ ጋ ደግሞ ልጅ ዘገየብን። ጎረቤቱ በየክረምቱ ‹እንግዳ የለም ወይ?› ይለን ነበር፤ ልጅ ማለቱ ነው። አንተ የመጣህ ዕለት ካህኑ ስም ማን ይባል ሲሉኝ አላሰብኩበትም። እንግዳው አልኩ። እንግዳው ደረሰ። ስሜን ያን ቀን ሞላሁት።»

«እኔ ሌላ ስም ይዤ ነበር» አሉ ወይዘሮ ውዴ።

«ይዛ ነበር፤ አልሰማኋትም። እንግዲህ ስሙን ሰንጥቃችሁ ብትጽፉት እንግዳው ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው። ለእኔ እንጂ ለእናንተ ምንም አይደለም። እንጀራህ ከሆነ ግን ቁረጠው ልጄ።»

ሰኞ ጠዋት እንግዳው መሳፍንት ቢሮ ገብቶ ሳይቀመጥ፣ «ከነአባቱ ካልሆነ አይሆንም» አለ። «ድምፅ ብቻ ያልከውን እወስዳለሁ።»

መሳፍንት ይህን አልጠበቀም። ዳንግላን ያለ እንግዳው ፊት ለማሰብ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ወረቀት ማስተካከል ጀመረ።

ሜላት በዚያው ክፍል ጥግ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ አዲሱን መክፈቻ ለማዘጋጀት የድሮ ዘገባዎችን እየቆረጠች ነበር። እንግዳው መግባቱን አላየችም። ማዳመጫውን አውርዳ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ድምፁ ባይጠፋ ኖሮ እኮ ችግር አልነበረም» አለች።

«እንዴት?» አለ መሳፍንት።

የምትሰማውን ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። የእንግዳው ድምፅ ቁና ቁና እያለ፣ «...እንግዳው ደረሰ ነኝ፣ ከዳንግላ» አለ። መልሳ ለቀቀችው። «...ደረሰ ነኝ።»

«‹ነኝ› ሲልማ ማንም ለአቀባበል አይወጣም» አለች። «የሚናገረውን እንጻፈው።»

«በስም ላይ ግስ ይጻፋል እንዴ?» አለ መሳፍንት።

«ስሙ ራሱ ግስ ነው እኮ።»

መሳፍንት ከሥልጠናው ያመጣውን ሰነድ ገልጦ «ዘጋቢውን ለተመልካች ማቅረብ» የሚል ርዕስ አገኘና ተረጋጋ። ርዕስ ካለው ይፈቀዳል። ሜላት ግን ለአንድ ሰው ብቻ መሥራት ሥርዓት ማፍረስ ነው አለች፤ ስለዚህ ለሁሉም ሆነ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ብራ ቴሌቪዥን ላይ የሚናገር ሰው ሁሉ፣ ዘጋቢም ይሁን ገበሬ፣ ከሥሩ «ነኝ» ተብሎ ይጻፍለታል። አቶ ነጋ ለሹማምንት «ነን» እንዲባል በቃል ጠይቀው ነበር፤ መልስ አላገኙም። ሌሎች ጣቢያዎች ሐሳቡ ከየት መጣ ብለው ሲጠይቁ መሳፍንት ስለ ሥልጠናው ረዘም አድርጎ ያስረዳል።

የመጀመሪያው ዘገባ ስለ ድንች ዘር ነበር። አቶ ደረሰ በርጩማቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ስበው ተቀመጡ፤ ወይዘሮ ውዴና ሁለት ጎረቤቶች ከኋላ ሆኑ። ልጃቸው ብቅ አለ፣ ትንፋሹ አጥሯል፣ ስለ ዘሩ ይናገራል። እሳቸው ስለ ዘሩ አልሰሙም። ቀዩን ጥብጣብ በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው ቆጠሩ፦ «እን... ግዳው... ደ... ረ... ሰ።» እዚህ ላይ ቆም አሉ፤ ደግመው አዩት። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ትንሽ ቃል አገኙት። «ነኝ።»

«ነህ እንጂ!» አሉ ለቴሌቪዥኑ። «ሌላ ማን ይሆናል ብለን ነው?»

«ዝም ይበሉ ደረሱ፣ ስለ ድንቹ እንስማበት» አሉ ወይዘሮ ውዴ።